የፍሎረንስ ናይቲንጌል ሕይወትና የቀብሯ ነገር



እንደሚታወቀው ከመካከላችን አንድ ሰው ሲለይ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ከመቃብሩም አፋፍ ላይ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ተማረ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ ይነገራል። ከዚያ አፈሩ ይመለሳል፣ ሁላችንም ወደ ድንኳኑ እንመለሳለን። ይህ ወግ ስንኖርበት የቆየ ስለሆነ ብዙም አናስብበትም ነበር። ዘንድሮ የተለዩን አንዲት እናት ግን እንድናስብበት አደረጉን።

እኒህ እናት ወጣትነታቸውን ሁሉ በጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነርስነት ያሳለፉ፣ ቁስለኛ ሲያጥቡና ሲያስታምሙ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በሰፈራችን መርፌ የሚወጋ ሰው ሲጠፋ በር የሚንኳኳባቸው ሰው ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ለልጆቻቸው የተናዘዙት አጭር ነበር። ድንኳኑ ከአንድ ቀን በላይ እንዳይቆም፣ የሰልፍ ሙዚቃ እንዳይኖር፣ ለሣጥን ብዙ ገንዘብ እንዳይወጣ። ታዲያ በዚያ ጧት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከፊላችን የሟች ቃል ይከበር አልን። ከፊላችን ደግሞ አገር ያገለገሉን ሴት እንዲያው በዝምታ አፈር አናለብስም ብለን ተነሣን። በመጨረሻ ሙዚቃው ቀረ፤ ድንኳኑ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቆመ። የድሮ ባልደረቦቻቸው ሣጥኑን ለማንም አንሰጥም ብለው ከበር እስከ መቃብሩ ተሸከሙት። ግማሹ ቃላቸው ተፈጸመ፣ ግማሹ ቀረ።

ይህ ክርክር በልባችን ውስጥ እስካሁን አልበረደም። በመሆኑም ለዘንድሮው መጽሔታችን ምን እናቅርብ ብለን ስናስብ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር ልክ ይህን የመሰለ ነገር የገጠማቸውን ሰዎች ታሪክ ለማቅረብ ወሰንን። ታሪኩ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ነው። ስሟን ያልሰማ ጥቂት ነው፤ ነርስ የሆነች ልጅ ያለችው ቤተሰብ ሁሉ ያውቃታል። ኑዛዜዋንና ቀብሯን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለንም። ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።

ልደትና አስተዳደግ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችው ሜይ 12 ቀን 1820 በኢጣሊያ አገር ፍሎረንስ በምትባለው ከተማ ነው። ወላጆቿ ባለጸጋ እንግሊዛውያን ሲሆኑ በዚያን ጊዜ ለሽርሽር በኢጣሊያ ይዘዋወሩ ነበር። ስሟም ከከተማይቱ የተወሰደ ነው። ታላቅ እኅቷም በናፖሊ ስለተወለደች ፓርቴኖፔ የሚለው የከተማይቱ የጥንት የግሪክ ስም ወጥቶላታል።

ቤተሰቡ በእንግሊዝ አገር ሁለት ትልልቅ ቤቶች ነበሩት። አንደኛው በደርቢሺር፣ ሁለተኛው በደቡብ በኩል በሃምፕሺር ኢምብሊ ፓርክ የሚባለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ቤት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። አባቷ ሴቶች ልጆቹን ራሱ ያስተምር ነበር። ግሪክኛ፣ ላቲን፣ ታሪክና ፍልስፍና ተማረች። እርሷ ግን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ሒሳብን ነበር። በዚያ ዘመን ለአንዲት የባለጸጋ ልጅ ሒሳብ ምን ይሠራላታል ተብሎ ብዙ ተወራ። ምን እንደ ሠራላት ወደ ኋላ እናያለን።

ገና አሥራ ሰባት ዓመት ሳይሞላት በፌብሩዋሪ 1837 እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት ተሰማት። ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ለማወቅ ዓመታት ወሰደባት። ሕመምተኛ ማስታመም እንደሆነ ባወቀችና ለቤተሰቧ በገለጸች ጊዜ ግን እናቷና እኅቷ ጮኹ። ይህ ለምን እንደሆነ መረዳት አያዳግተንም። በዚያ ዘመን ነርስነት ሌላ እንጀራ ያጡ ሴቶች የሚገቡበት፣ ስካርና ብልግና የሚነገርበት የተናቀ ሥራ ነበር። እኛም ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ፣ በሠሩት ማረሻ እያረስን በሠሩት ድስት እየበላን የኖርን ሰዎች ነን፤ ነገሩ አይጠፋንም።

ለብዙ ዓመታት ለጋብቻ የጠየቃትን የተማረና የተከበረ ሰው እምቢ አለች። እየተደበቀች ጧት ጧት ስለ ሆስፒታሎች የተጻፉ ሪፖርቶችን ታነብ ነበር። በመጨረሻ በ1851 በጀርመን አገር በራይን ወንዝ ዳር ካይዘርስቬርት በሚባል የፕሮቴስታንት መንፈሳውያን ሴቶች ተቋም ገብታ ለሦስት ወር ያህል የማስታመም ሥራ ተማረች። በ1853 በለንደን የአንድ አነስተኛ የሴቶች ሕመምተኞች ቤት አስተዳዳሪ ሆነች። ደመወዝ አልነበራትም፤ አባቷ በዓመት 500 ፓውንድ ይቆርጥላት ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 33 ነው። ከቤተሰቧ ጋር ለብዙ ዓመታት ተሟግታ ነው እዚህ የደረሰችው።

ወደ ጦርነቱ

በ1853 ሩሲያና ቱርክ ተዋጉ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ በቱርክ በኩል ገቡ። ዋናው ውጊያ የተደረገው በጥቁር ባሕር ዳር በክሪሚያ ስለሆነ የክሪሚያ ጦርነት ይባላል። እንግሊዞች ቁስለኞቻቸውንና በሽተኞቻቸውን በመርከብ ጭነው ባሕሩን አሻግረው፣ ከቁስጥንጥንያ ማዶ በእስያ በኩል ወዳለችው ስኩታሪ ያመጧቸው ነበር። በስኩታሪ ቱርኮች አንድ ትልቅ የጦር ሰፈር ለሆስፒታል ሰጥተዋቸዋል። ብዙው ሰው በመርከቡ ላይ ይሞት ነበር። ከመርከቡ የተረፈው ደግሞ በሆስፒታሉ ወለል ላይ ያለ ምንጣፍ ይተኛል።

ይህን ጉድ የለንደን ታይምስ ጋዜጣ ወኪል እየጻፈ ላከ። ሕዝቡም ተቆጣ። ከዚያ በፊት የጦር ሜዳ ወሬ ለሕዝብ የሚደርሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር፤ አሁን ግን እናት የልጇን መከራ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በጋዜጣ ታነብ ጀመር። የጦር ጉዳይ ሹም የነበረው ሲድኒ ኸርበርት ናይቲንጌልን ያውቃት ስለነበረ ነርሶች ይዛ እንድትሄድ በደብዳቤ ለመናት። እርሷም 38 ሴቶች ይዛ በኦክቶበር 1854 ከለንደን ተነሣች። ከሴቶቹ ከፊሎቹ መነኮሳት፣ ከፊሎቹ በሆስፒታል የሠሩ ነበሩ። ኖቬምበር 4 ቀን ስኩታሪ ደረሱ።

በስኩታሪ የሆነው

የጦሩ ሐኪሞች መምጣታቸውን አልወደዱትም። ሴቶች በጦር ሆስፒታል ምን ይሠራሉ አሉ። እዚህ ላይ ናይቲንጌል ያደረገችው ነገር ያስደንቃል። አልተጣላችም፤ አልለመነችም። ሴቶቹን ሰብስባ፣ ሐኪም ካልጠራን በቀር አንድም በሽተኛ አንነካም ብላ አስቀመጠቻቸው። ትራስና ፋሻ ይሰፉ ጀመር። ሳይቆይ ከኢንከርማን ጦርነት የተረፉት ቁስለኞች እንደ ጎርፍ ሲመጡ፣ እነዚያው ሐኪሞች መጥተው ርዱን አሉ።

ሥራው ከመድኃኒት የጀመረ አይደለም። የወለል መጥረጊያ ብሩሽ፣ ሸሚዝ፣ ሳሙና፣ ማንኪያ አልነበረም። ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ እነዚህን ገዛች። አንድ ቤት ተከራይታ ትልልቅ የውሃ ማፍያ አስገብታ የወታደሮችን ሚስቶች ቀጥራ ልብስ አሳጠበች። ለበሽተኛ የሚሆን ሾርባ የሚሠራበት ማድ ቤት አቆመች። ማታ ማታም ፋኖስ ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ትዞር ነበር። ባለ ፋኖሷ እመቤት የተባለችው ከዚህ የተነሣ ነው። በብዙ ሥዕል ላይ በእጇ የሚታየው ኩራዝ የሠዓሊዎች ፈጠራ ነው። እርሷ የያዘችው በቱርክ አገር የተለመደውን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ፋኖስ ነው። ቱርኮቹም ፋኖስ ነው የሚሉት፤ ቃሉ ከእኛው ጋር አንድ ነው።

ሌላም ሥራ ነበራት፤ ይህ የእድር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነው። ወታደር ሲሞት ለእናቱ ወይም ለሚስቱ የምትጽፈው እርሷ ነበረች። እንዴት እንዳረፈ፣ ምን ንብረት እንደተወ ትነግራቸው ነበር። በሕይወት ያሉትም ደመወዛቸውን በመጠጥ እንዳይጨርሱ ወደ አገራቸው የሚልኩበትን መንገድ አበጀችላቸው። መኰንኖቹ ወታደር ገንዘብ ይዞ አያድርም ይሉ ነበር፤ መንገዱ በተከፈተለት ጊዜ ግን ላከ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሞቱ አልቆመም። እንዲያውም ባሰበት። በእኛ አገር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር፣ በፌብሩዋሪ 1855፣ ስኩታሪ ሆስፒታል ከገቡት ከመቶው 42 ያህሉ ይሞቱ ነበር። የገደላቸውም የሩሲያ ጥይት አልነበረም። ኮሌራ፣ ተስቦና ተቅማጥ ነበሩ። ከሕንፃው ሥር የቆሻሻ መውረጃው ቦይ ተደፍኖ ነበር፤ ውሃው የሚያልፍበት መንገድ ላይ የሞተ እንስሳ ተገኝቷል።

በማርች 1855 ከለንደን የጽዳት ጉዳይ መርማሪዎች መጡ። ቦዩን አስጠረጉ፣ ውሃውን አጸዱ፣ መስኮት አስከፈቱ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ። ጁን ላይ የሚሞተው ቁጥር ከመቶ ወደ 2 ገደማ ወረደ።

ሙታንን የቆጠረችው ሴት

በ1856 ጦርነቱ ሲያልቅ አገሯ በታላቅ ክብር ሊቀበላት ተዘጋጅቶ ነበር። እርሷ ግን በሌላ ሰው ስም ተሳፍራ፣ ማንም ሳያውቅ ባቡር ጣቢያ ወርዳ በእግሯ ወደ ወላጆቿ ቤት ገባች። ብዙ ሰው ይህን ትሕትና ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኛ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለናል። ሺህ ሰው ሲሞት አጠገቡ የነበረ ሰው የድል ሰልፍ ውስጥ ለመቆም ልቡ አይፈቅድለትም።

ከተመለሰች በኋላ መዝገብ አወጣች። የሒሳብ ዕውቀቷ የጠቀማት እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ፋር ከሚባል የታወቀ የአኀዝ ሊቅ ጋር ሆና፣ ማን መቼ በምን ምክንያት እንደ ሞተ በየወሩ እየለየች አሰላች። በዚያ ጦርነት ከ20 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ሞተዋል። ከአራቱ ሟች ሦስቱ ገደማ የሞቱት በበሽታ ነው። አብዛኛውም ሊድን የሚችል ነበር። ከዚህም የከበደው ነገር፣ ሒሳቡ እርሷ ራሷ የሠራችበት ሆስፒታል ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ሰው የሞተበት መሆኑን አሳየ። በዚያ ክረምት ሰዎቹ የሚሞቱት በምግብ እጥረትና በድካም፣ ዘግይተውም በመምጣታቸው ነው ብላ ታምን ነበር። ከሥር ያለው ቦይ እንደ ገደላቸው የተረዳችው ወረቀቱ ላይ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን መዝገብ ይደብቀው ነበር። ሕዝቡ ቅድስት አድርጓት፣ ሥዕሏ በየቤቱ ተሰቅሎ፣ ማን ይጠይቃታል? እርሷ ግን አሳተመችው። መሃይምም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢሆን በአንድ ዓይን አይቶ እንዲገባው በቀለም የተከፋፈለ ክብ ሥዕል ሠራች፤ አንዱ ቀለም በበሽታ የሞቱት፣ ሌላው በቁስል የሞቱት፣ ሌላው በሌላ ምክንያት የሞቱት። በ1858 የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያይቱ ሴት አባል ሆነች። በሰላሙም ጊዜ በእንግሊዝ አገር በጦር ሰፈር የሚኖረው ወጣት ወታደር፣ ከሲቪሉ ጓደኛው ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚሞት አሳየች። ከዚህ የተነሣ የጦር ሰፈሩ፣ ሆስፒታሉና የጦር ሐኪሞች ትምህርት ተሻሻለ።

በ1855 በክሪሚያ ሳለች በጽኑ ታማ ነበር። ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቃትም። ከ1857 ጀምሮ ረጅሙን ዘመኗን ያሳለፈችው በክፍሏ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በአልጋዋ ላይ ሆና ነው። ደብዳቤው፣ ሪፖርቱ፣ መጽሐፉ ሁሉ የወጣው ከዚያ አልጋ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ ለእርሷ መታሰቢያ ብሎ ያዋጣው ገንዘብ 45 ሺህ ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። ወታደሮቹም የአንድ ቀን ደመወዛቸውን ሰጥተዋል። መዋጮ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አንነግርም። በዚህ ገንዘብ በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የተናቀው ሥራ ትምህርትና ደንብ ያለው ሙያ ሆነ፤ ከዚያም ወጥተው የተመረቁት ወደ ሌሎች አገሮች እየሄዱ አስተማሩ። የእኛም አገር ከዚህ ምንጭ ቀምሷል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው በነርስነት ሠልጥነዋል። ከነጻነት በኋላ በ1942 በወጣትነታቸው ሲያርፉ በስማቸው በአዲስ አበባ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠርቷል። ያ ሆስፒታል በኋላ ጦር ኃይሎች እየተባለ የሚጠራው ነው።

ኑዛዜው

ናይቲንጌል ኑዛዜዋን የጻፈችው በ1896 ነው፤ በእኛ አገር የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ዓመት ማለት ነው። ገንዘቧንና ዕቃዋን ካደላደለች በኋላ ስለ ሬሳዋ የምትፈልገውን ዘረዘረች።

በመጀመሪያ አስከሬኗ ለሕክምና ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሐኪሞች ከፍተው እንዲመረምሩበት ጠየቀች። ይህ ካልሆነ ደግሞ ወደሚቀርበውና ወደሚመቸው መቃብር ተወስዳ ትቀበር፤ የሚሸኟት ሰዎች ከሁለት አይብለጡ፤ ጌጥና ሥነ ሥርዓት አይኑር። በመቃብሯ ላይ ተራ መስቀል ብቻ ይቁም፤ የስሟ ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት፣ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ይጻፍበት፤ ሌላ ምንም እንዳይጨመር።

ሁለት ቀባሪ! እስቲ አስቡት። በእኛ አገር የሰው ክብሩ የሚለካው በቀባሪው ብዛት ነው። ሁለት ሰው ብቻ የቀበረው ሰው ወይ ባዕድ ነው፣ ወይ ሰው የተጣላው ነው። ታዲያ ይህች ሴት ለምን እንዲህ አለች? በዚያ በስኩታሪ ከሆስፒታሉ እየወጡ የተቀበሩትን ማሰብ ያስፈልጋል። ሃይዳር ፓሻ በሚባለው ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ተቀብረዋል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ታላቅ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ የአብዛኛዎቹ መቃብር ግን ስም የለውም። እናት አላለቀሰችላቸውም፤ ወንድም አልተሸከማቸውም። እርሷ ከእነርሱ በላይ መቀበር አልፈለገችም ብለን እናምናለን። አስከሬኗን ለሐኪሞች መስጠቷም ቢሆን ከዚያው ሐሳብ የተለየ አይደለም። ሰው ለምን እንደሚሞት ሲመረምር የኖረ ሰው፣ የራሱንም ሞት ለምርመራ ቢያቀርብ አይደንቅም።

ቀብሩ

በ1907፣ በ87 ዓመቷ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ኦርደር ኦፍ ሜሪት የተባለውን ታላቅ ኒሻን ሰጣት። ይህን ኒሻን ስታገኝ ከሴቶች የመጀመሪያይቱ ናት። በዚያን ጊዜ ግን ዓይኗ ጠፍቶ፣ ሐሳቧም ደክሞ ነበር። ኦገስት 13 ቀን 1910፣ በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ በለንደን በቤቷ በእንቅልፍ ላይ እንዳለች አረፈች። ዘጠና ዓመቷ ነበር።

ወዲያው ጥያቄው ተነሣ። ዌስትሚኒስተር አቢይ በሚባለው፣ ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ትቀበር ተባለ። ይህ በእኛ አገር ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ትረፍ እንደ ማለት ነው። ቤተሰቡ ኑዛዜዋን አስቦ እምቢ አለ። የመንግሥት ቀብርም አልተደረገም። ነገር ግን ኑዛዜው እንዳለ አልተፈጸመም። አስከሬኗ ለሐኪሞች አልተሰጠም። በሚቀርበውም መቃብር አልተቀበረችም።

ኦገስት 20 ቀን አስከሬኗ በባቡር ወደ ሃምፕሺር ተወሰደ። ቀደም ሲል ኢምብሊ ፓርክ ያልነው የልጅነት ቤቷ አጠገብ፣ ኢስት ዌሎው በሚባል መንደር፣ በቅድስት ማርጋሬት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወላጆቿ ተቀብረዋል። እዚያ ደረሱ። ሣጥኑን ለመሸከም የመጡት ግን የቤተሰብ ሰዎች አልነበሩም። ከእንግሊዝ የክብር ዘበኛ ጦር የተውጣጡ ስድስት ወታደሮች ነበሩ። የክሪሚያ ጦርነት ካለቀ 54 ዓመት ሆኖታል፤ እነዚህ ስድስቱ በዚያን ጊዜ አልተወለዱም። የተሸከሟት ግን አባቶቻቸው የነገሯቸውን ይዘው ነው። የመንደሩም ሕዝብ ሁለት ሰው የሚለውን አልሰማም፤ ወጥቶ ቆመ። በዚያው ቀን በለንደን በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የመታሰቢያ ጸሎት ተደረገላት።

የመቃብሩ ድንጋይ ግን ቃሏን ጠበቀ። ኤፍ እና ኤን የሚሉ ሁለት ፊደላት፣ አንድ መስቀል፣ ሁለት ቀኖች። ሌላ የለም። መንገደኛ ቢያልፍ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ግማሹ ተፈጸመ፣ ግማሹ ቀረ። እኛም ዘንድሮ ያደረግነው ይህንኑ አይደለምን?

የሌላይቱ መቃብር

እዚህ ላይ ብናቆም ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በዚያው ጦርነት ሌላ አስታማሚ ነበረች። ሜሪ ሲኮል ትባላለች። በ1805 በጃማይካ ደሴት ከጥቁር እናትና ከስኮትላንድ ተወላጅ ወታደር የተወለደች፣ የአገሯን የመድኃኒት ዕውቀት ከእናቷ የተማረች ሴት ነበረች። ከነርሶቹ ጋር ልሂድ ብላ በለንደን ጠይቃ አልተቀበሏትም። በራሷ ገንዘብ ተሳፍራ ክሪሚያ ሄደች። በባላክላቫ አቅራቢያ ለወታደሮች ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ከፈተች፤ በጦሩ ሜዳም እየወረደች ቁስለኛ ታስታምም ነበር። ወታደሮቹ እናታችን ይሏት ነበር። ጦርነቱ በድንገት ሲያልቅ ያከማቸችው ዕቃ ሁሉ ስለ ረከሰባት ባዶ እጇን ተመለሰች።

በ1881 በለንደን አርፋ በቅድስት ማርያም የካቶሊክ መቃብር ተቀበረች። ጊዜ ሲያልፍ ተረሳች፤ መቃብሯም አረጀ፣ ፊደሉም ጠፋ። በ1973 የጃማይካ ሴቶችና የነርሶች ማኅበር ሰዎች መቃብሩን አግኝተው አሳደሱት። በ2016 ደግሞ በዚያው የናይቲንጌል ትምህርት ቤት በነበረበት በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ግቢ ሐውልት ቆመላት።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ናይቲንጌል ስሟ እንዳይጻፍ ብትናዘዝም አልተረሳችም፤ የሚያስታውሳት ትምህርት ቤትና ሥራ ነበራት። ሲኮል ግን ስሟ ተጽፎላት ነበር፤ የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ ጠፋ። ድንጋይ ብቻውን ሰውን አያስታውስም። ኋላም ያስታወሷት የአገሯ ሴቶች፣ የሙያ ጓደኞቿ ናቸው፤ ማለትም ማኅበር ነው።

ለእድራችን የምንለው

እንግዲህ በድንኳኑ ውስጥ ወደ ተነሣው ክርክር እንመለስ። የሟች ቃል ይከበር ያሉት ትክክል ነበሩ። ሣጥኑን አንሰጥም ብለው የተሸከሙት የድሮ ባልደረቦቻቸውም ትክክል ነበሩ እንላለን። ሰው ስለ ራሱ ክብር ይቅርብኝ ማለት ይችላል፤ የሌላውን ምስጋና ግን ከልክሎ አይሄድም። እነዚያ ስድስት ወታደሮች ሲሸከሟት ናይቲንጌልን ያሳዘኗት አይመስለንም። የሚያሳዝናት፣ የተሸከማት ሰው በማግሥቱ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ ቦዩ ተደፍኖ ቢያገኘው ነበር።

እኛ ጋ ያጠፋነው፣ በእውነት ለመናገር፣ ድንኳኑ ላይ ነው። ሦስት ቀን የቆመው ለሟቿ ክብር ነው ወይስ ሰው ምን ይለናል ብለን? ይህን እያንዳንዱ ለራሱ ይመልስ። ለእኛ ግን ለሁለተኛው ይመስለናል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንድናስብበት እናቀርባለን። አንደኛ፣ ማንኛውም አባል ስለ ቀብሩ የሚፈልገውን በጽሑፍ ለእድሩ ጸሐፊ አስቀድሞ እንዲሰጥ ይፈቀድለት፤ በለቅሶው ጧት በሰው ፊት መከራከር ይቅርብን። ሁለተኛ፣ መዝገባችን ዛሬ የሚያሳየው ማን እንደ ሞተና ስንት ብር እንደ ወጣ ነው። ከመሞቱ በፊት ማን እንደ ጠየቀው አያሳይም። ሁለት ሁለት ሰው በተራ እየተመደበ የታመመ አባል የሚጠይቅበት ደንብ ቢወጣ፣ ሁለት ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ የአባሎቻችን መቃብር የት እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ይያዝ፤ በዓመት አንድ ቀንም ወጥተን እንድናጸዳው ይደንገግ።

ስለ እኒያ እናትም አንድ የቀረን ነገር አለ። ሙት ዓመታቸው እየደረሰ ነው። ልጆቻቸው ከተስማሙ፣ ለድግሱ ከምናዋጣው ላይ ከፍለን ለሰፈሩ አንድ ቃሬዛ እንግዛ እንላለን። የምንኖርበት ጠባብ መንገድ መኪና እንደማያስገባ ታውቃላችሁ። ያለፈው ክረምት አንዲት ምጥ የያዛት ልጅ በብርድ ልብስ ተይዛ ነው ወደ ዋናው መንገድ የወጣችው። ያን ሌሊት አንደኛውን የብርድ ልብሱን ጫፍ በዚያ ዕድሜያቸው ይዘው የነበሩት እኒያ እናት ነበሩ። ቃሬዛው ላይ ስማቸው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውን ደግሞ በጉባኤው ላይ እንነጋገርበታለን።

ነፍስ ይማር።